ደሴ የሚባል ሰው ሁሉ ዘመዳሞች ነን ወይ? ከ1ኛው እስከ 23ኛው መልስ

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ቀን ሆኖታል፤ 23 መልስም ገብቶበታል። ዘግይቶ ለሚመጣ ሰው ሁሉን ከላይ እስከ ታች ማንበብ ስለሚያደክም ማን ምን እንዳለ በራሴ አነጋገር ላስቀምጥ ወሰንኩ። የማንንም ቃል አልገለበጥኩም። ያጣመምኩት ሐሳብ ካለ ባለቤቱ ያርመኝ።

መነሻው እንዲህ ነው። የወንድሜ ልጅ ደሴ ተወልዳ ደሴ ያደገች ናት። ባለፈው ወር አንድ የኮምቦልቻ ልጅ ሽማግሌ ላከባት። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሶ፣ የልጁ ስም ከነአባቱና ከነአያቱ ሲጠራ አያቱ ደሴ ሆኑ። የወንድሜ ልጅም አያቷ፣ ማለትም የእኔ አባት፣ ደሴ ነው። ታላቅ እህቴ ሲኒዋን አስቀመጠች። ቤቱ ጸጥ አለ። ሽማግሌዎቹ መልሱን ሌላ ቀን እንዲሰሙ ተነግሯቸው በክብር ተሸኙ፤ እኛ ግን ሌሊቱን ስንከራከር አደርን።

በመክፈቻው ጽሑፌ ላይ ጥያቄ ብቻ ሳይሆን እምነትም ጽፌ ነበር። አባቴ ስሙን ያገኘው ከከተማው እንደሆነ፣ በዚህ አካባቢ ደሴ የሚለውን ስም የያዘ ሰው ሁሉ ከተማው ሲቆረቆር ከሰፈረ ከአንድ ቤት የወጣ እንደሚመስለኝ፣ ስለዚህም ሁለቱ ልጆች ሥጋ ሊሆኑ ይችላሉ የሚል ፍርሃት እንዳለኝ በሙሉ ልብ ጻፍኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማምነው ይህንኑ ነበር።

1ኛው መልስ ከሸዋ በር አካባቢ የመጣ ነው። ጸሐፊው በሰላምታና ለልጆቹ መልካሙን በመመኘት ጀምሮ፣ እኛ አገር እንደ ውጭ አገሩ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚወረስ የቤተሰብ ስም እንደሌለ አስታወሰኝ። ሁለተኛው ስም የአባት፣ ሦስተኛው የአያት ነው፤ ልጅ በተወለደ ቁጥር አንድ ደረጃ ወደ ኋላ እየተገፋ ከወረቀት ላይ ይወድቃል። ወንድሜ ከወንድ ልጁ የልጅ ልጅ ቢያይ በዚያ ሕፃን የልደት ምስክር ወረቀት ላይ ደሴ የሚለው ስም አይኖርም። በሁለት ትውልድ የሚጠፋ ስም እንዴት የአንድ ጎሳ መለያ ይሆናል ብሎ ጠየቀ፤ አጠያየቁ የወንድም ነበር።

2ኛዋ ጸሐፊ ኮምቦልቻ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ያስተማረች ናት። በአንድ ክፍል መዝገብ ላይ የአባታቸው ስም ደሴ የሆነ አራት ተማሪዎች እንደነበሯት ተናገረች፦ አንዱ ከሐርቡ፣ አንዱ ከአልብኮ፣ ሁለቱ ከከተማው። የወላጆች ስብሰባ ሲደረግ አራቱም አባቶች በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው እርስ በርስ አይተዋወቁም ነበር። እሷ እንደምትለው ስሙ የወጣው ደስ ከሚለው ቃል ነው። ደስታ፣ ደስዬ፣ ደሳለኝ፣ ደስያለው የሚባሉት ሁሉ ወንድሞቹ ናቸው፤ ወላጅ ልጁን ደስታዬ ለማለት ያወጣዋል እንጂ ከተማን አስቦ አይደለም።

በ3ኛው መልስ አንድ አዛውንት ገቡ። የከተማውን ስም አመጣጥ አባቶቻቸው እንደነገሯቸው አድርገው ተረኩት። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በዚህ ሰፍረው ሳለ በሰማይ ላይ ጅራታም ኮከብ ታየ፤ ንጉሡም በነገሩ ተደንቀውና ደስ ተሰኝተው ቦታውን ደሴ አሉት። አዛውንቱ ይህ የሆነው በቦሩ ሜዳው ጉባኤ ሰሞን ነው ብለው አከሉበት።

4ኛው ጸሐፊ የእርማት ሰው ነው፤ እርማቱን ግን በአክብሮት አቀረበው። የቦሩ ሜዳው የሃይማኖት ጉባኤ የተደረገው በ1870 ዓ.ም. ነው። ታላቁ ጅራታም ኮከብ የታየው ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በመስከረም 1882፣ በእኛ በ1875 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው፤ ብርሃኑ ከመበርታቱ የተነሳ በቀን እንኳ በፀሐይ አጠገብ ይታይ ነበር። ስለዚህ ኮከቡ ተረት አይደለም፣ ነገር ግን ከጉባኤው ጋር አንድ ሰሞን ሊሆን አይችልም። አዛውንቱ በ5ኛው መልስ ተመልሰው አመሰገኑ፤ እርማቱን ተቀብለው ቦታውን ከጦር ሰፈርነት ወደ ከተማነት ያሳደጉት መቀመጫቸውን ያደረጉበት ራስ፣ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል መሆናቸውን ጨመሩ። እንዲህ ያለ መተራረም በመድረካችን ላይ ብዙ ጊዜ አላየሁምና ደስ ብሎኛል።

6ኛው ከደብረ ማርቆስ ነው፤ አጭር ነው፤ ግን እምነቴን መጀመሪያ ያነቃነቀው እሱ ነው። አባቱ ደሴ ይባላሉ። ወሎን በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ጎጃም ውስጥ ደሴ የሚባል ገበሬ በየቀበሌው እንዳለ ነግሮኝ፣ እነሱንም ከወሎ ዘመዶቼ መዝገብ ላስገባቸው እንደሆነ ጠየቀ። መልስ አልነበረኝም።

7ኛውን መልስ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊዋ የወረባቦ ልጅ ናት፣ ቢስቲማ ተወልዳ ኮምቦልቻ የምትኖር። ክርክሩን ወደ ሌላ በኩል አዞረችው። የቤተሰብ ስም የለንም የሚለውን የ1ኛውን ሰው ነገር በከፊል ተቀበለች፤ ሰው የቤተሰብ ስም ባይኖረውም መሬቱ ግን አለው አለች። በኦሮምኛ ወረ ማለት ቤት፣ ቤተሰብ፣ ወገን ነው። ወረባቦ የባቦ ወገን፣ ወረኢሉ የኢሉ ወገን፣ ወረሂመኖ የሂመኖ ወገን ማለት ነው። ዛሬ በመንገድ ምልክትና በወረዳ ማኅተም ላይ የምናነባቸው እነዚህ ስሞች መጀመሪያ የሰዎች እንጂ የቦታ አልነበሩም። ቤተሰቡ ሰፈረ፣ መሬቱ በቤተሰቡ ተጠራ፣ ቤተሰቡ ከሌላው ጋር ተጋብቶና ተዋሕዶ መለየት ሲያቅት ስሙ በመሬቱ ላይ ቀረ። እሷ ራሷ ባቦ የሚባል አያት ቆጥራ አታውቅም፤ በመታወቂያዋም ላይ የለም። ሆኖም ከየት ነሽ ተብላ በተጠየቀች ቁጥር የአንድ ቤተሰብ ስም ትጠራለች። እኔ በወሎ አምሳ ዓመት ኖሬ፣ ወረኢሉን ስንት ጊዜ ጠርቼ፣ ቃሉን ሰንጥቄ አይቼው አላውቅም ነበር።

8ኛው ሰው ወረኢሉ ሲነሳ ዝም ማለት አልቻለም፤ ዐፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. የዓድዋን ዘመቻ ሲያውጁ የሸዋን ጦር እስከ ጥቅምት እኩሌታ ከትቶ እንዲጠብቃቸው ያዘዙት ወረኢሉ ላይ እንደነበር አስታወሰ። ከዚያ አልፎ ቦረናን አነሳ፦ መካነ ሰላም ያለበት የወሎ ቦረናና ያቤሎ ያለበት የደቡቡ ቦረና አንድ ስም ይዘው በመቶ ኪሎ ሜትሮች ተራርቀዋል። የክሩን ጉዳይ ትንሽ ቢያርቅም የወገን ስም ከሰዎች ጋር እንደሚጓዝ ያሳያልና አልተቆጣሁም።

9ኛው ጸሐፊ ኮምቦልቻ የልብስ ስፌት ቤት ያለው ነው። ስም ይመሳሰላል ከተባለ የእሱ ጣጣ ይሰማለት ብሎ ጀመረ። ከአዲስ አበባ ሁለት የስፌት መኪና ገዝቶ በጭነት አስላከ። ዕቃው በሦስተኛው ቀን ኮምቦልቻ ደረሰ ተባለና ተረከብ ተብሎ ተደወለለት፤ ሄዶ ቢጠይቅ የለም። የደረሰው ሐረርጌ ኮምቦልቻ ነበር። ለማስመለስ የከፈለው ገንዘብ ከአንዱ መኪና ዋጋ ብዙ አያንስም። ሁለቱ ከተሞች የተዛመዱት በዛፍ መሆኑን ያወቀው በዚያ ሰበብ ነው፦ ኮምቦልቻ በኦሮምኛ የአንድ እሾሃማ ቁጥቋጦ ስም ነው፤ በአማርኛ አጣጥ የምንለው። አጣጡ በበዛበት ሁሉ ሰው ቦታውን በእሱ ጠራው፤ ሐረርጌም ወሎም። አንዱ ለሌላው አባት አይደለም። ይህ ምሳሌ ለእኔ ጥያቄ ከብዙዎቹ መልሶች ይልቅ ቀጥተኛ መልስ ነበር፤ የገባኝ ግን ቆይቶ ነው።

10ኛው መልስ ላይ ነገሩ ተበላሸ። ሰውየው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ሰላምታም አልሰጠም። የልጁ ቅድመ አያት ማን እንደሚባሉ ጠየቀ፣ እኔም ከጽሑፌ በታች ይመር መባላቸውን ስገልጽ፣ ዘመድነቱን ትታችሁ ሃይማኖቱን አጣሩ የሚል መንፈስ ያለው ነገር ጻፈ። ከስም ወገንን መለየት እንደሚቻል፣ ጠንቃቃ ቤተሰብ የሚያደርገውም ይህንኑ እንደሆነ አስረገጠ። በጣም አዘንኩ። የጠየቅሁት ሌላ፣ የተመለሰልኝ ሌላ።

11ኛዋ ሴት ያለ ርኅራኄ መለሰችለት። ወሎን የማያውቅ ሰው በወሎ ጉዳይ አስተማሪ መሆኑ እንደሚያሳፍር ነገረችው። በእሷ ቤት አባቷ ታደሰ፣ አያቷ አሊ፣ ቅድመ አያቷ ገብሬ ናቸው፤ ከሦስቱ ስም የማናቸውንም እምነት በትክክል የሚገምት ካለ ይምጣ አለች። አጎቷ በፋሲካ በግ ሲያርድ ለእስላም ዘመዶቹ የሚታረደው ለብቻ፣ በእስላም እጅ ነው፤ በዒድም እንዲሁ በተራው። 12ኛው ደግሞ በእርጋታ፣ ግን እንደ ቢላ በሚቆርጥ እርጋታ፣ ታሪክ አመጣ፦ ከተማውን ያቀኑት ንጉሥ ሚካኤል እስከ 1870 ዓ.ም. ድረስ መሐመድ አሊ የሚባሉ የወረሂመኖ ኢማም ነበሩ። ልጃቸው ወይዘሮ ስሂን፣ የስሂን ልጅ እቴጌ መነን ናቸው። በዚህ ቤት ስም ከአንዱ ሃይማኖት ወደ ሌላው የተሻገረው በአንድ ሰው ዕድሜ ነው፤ ታዲያ ከአራት ትውልድ በፊት ከነበረ ስም ምን ሊነበብ ነው?

10ኛው ሰው አልተመለሰም። 13ኛው መልስ የእኔ ነው። ሁላችንንም እንድንበርድ ለመንኩ፤ ለ10ኛው ግን ዝም ብዬ አላለፍኩትም፤ የልጁን ሽማግሌዎች ቤት ያስገባነው ማንነቱን ጠይቀን እንጂ ስሙን ጠርጥረን እንዳልሆነ ጻፍኩለት። አሁንም ቢሆን የምቆምበት ነው።

14ኛዋ ከደሴ ወጥታ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን የምትኖር ናት። የእሷ ታሪክ ረጅም ነው። እሷና ታናሽ ወንድሟ በተለያየ ጊዜ ከአገር ወጡ። የእሷ ቅጽ ሲሞላ የአባቷ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ገባ፤ የወንድሟ ሲሞላ ደግሞ የአያታቸው። የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች በወረቀት ባዕድ ሆኑ። ወንድሟ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ሠራተኞቹ እህቱ መሆኗን ማመን አልፈለጉም፤ የተለያየ ስም ስላላቸው። በሌላ በኩል በሥራ ቦታዋ አንድ የአባቷን ስም የያዘ የሐረር ሰው አለና ሁሉም ወንድሟ ይመስለዋል። ስለምትኖርበት ከተማም አንድ ነገር ጨመረች። ዋሽንግተን መጀመሪያ በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ያለ መንደር ነው። አንድ ቤተሰብ ከዚያ መንደር ስሙን ወሰደ፣ ከዘመናት በኋላ ከዚያ ቤተሰብ የተገኘው ጆርጅ ዋሽንግተን ፕሬዚዳንት ሆነ፣ ከተማው በእሱ ተሰየመ። ቦታ ለሰው፣ ሰው ለቦታ። ወረባቦ ግን ከሰው ይጀምራል ብላ ለ7ኛዋ ጸሐፊ ሰላምታ ላከችላት። ሁለቱ ከዚያ በኋላ በግል እየተጻጻፉ እንደሆነ ሰምቻለሁ።

15ኛው የሕግ ባለሙያ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 ላይ ማንኛውም ሰው ከግል ስሙና ከአባቱ ስም በተጨማሪ የቤተ ዘመድ ስም እንደሚኖረው መደንገጉን፣ ልማዱ ግን ሕጉን ሳይከተለው እንደቀረ አስረዳ። ሕጉ ሠርቶ ቢሆን ኖሮ የእኔ ጥያቄ በአንድ መዝገብ ይመለስ ነበር። 16ኛው አይስላንድ ውስጥም ሰው በአባቱ ስም እንደሚጠራ፣ የስልክ ማውጫቸውም በግል ስም ተራ እንደሚደረደር ጠቅሶ ብቻችንን አይደለንም ብሎ አለፈ።

17ኛው መልስ ከአንድ የመድረሳ መምህር ነው። በወሎ ታላላቅ ሸሆች ከግል ስማቸው ይልቅ በቦታቸው እንደሚታወቁ ጻፉ፦ የጌታ ሸህ፣ የሾንኬ ሸህ፣ የዳና ሸህ። ብዙ ሰው የቦታውን ስም ጠርቶ ይመርቃል እንጂ የሸሁን የትውልድ ስም ቢጠየቅ አይመልስም። በዚህ አካሄድ የልጁ አያትም ሆኑ የእኔ አባት በከተማው ስም ተጠርተው ሊሆን ይችላልና የመጀመሪያ ሐሳቤን በችኮላ እንዳልጥለው መከሩኝ። ተስፋ ሰጡኝ።

ያንን ተስፋ 18ኛው ሰው በሁለት መስመር አፈረሰው። ባለፈው ዘመን ከደሴ በባቲ በኩል እስከ አሳብ ይነዳ የነበረ ሾፌር ነው። የጻፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰው በአገሩ ስም የሚጠራው ከአገሩ ሲወጣ ነው። እሱን አሳብ ላይ ሁሉም ወሎዬ ይሉታል፤ ደሴ ሲመለስ ግን ወሎዬ ብሎ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም ወሎዬ ነውና። ስለዚህ አባቴ ደሴ ውስጥ ተወልደው ደሴ ውስጥ ከኖሩ በደሴ ስም የሚጠራቸው ማን ነው?

ይህን ሳነብ ተነስቼ በረንዳ ላይ ቆምኩ። አባቴ ከጦሳ ተራራ ሥር ተወልዶ ከጦሳ ሥር የተቀበረ ሰው ነው። ሁለት ወንድሞቹ በሕፃንነታቸው ከሞቱ በኋላ የተወለደ መሆኑን አያቴ ስታወራ ሰምቻለሁ። ልጅ ከቀበረች በኋላ ልጅ የታቀፈች እናት ደስታዬ ብትል ምን ይገርማል? የ2ኛዋ መምህርት ቃል እዚያው በረንዳ ላይ ገባኝ። ከተማውና አባቴ አባትና ልጅ አይደሉም። እንደ ሁለቱ ኮምቦልቻዎች ከአንድ ግንድ ለየብቻ የበቀሉ ናቸው፤ አንዱን ንጉሥ አወጣለት፣ ሌላውን እናቱ።

19ኛው ላይ ክሩ ወደ ዘፈን ሄደ። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታዎች ስም መሆናቸውን ያነሳው ሰው ቦታዎቹ ለዜማው ወይስ ዜማው ለቦታዎቹ ብሎ ጠየቀና ከሥሩ ብዙ አጫጭር አስተያየት ተከተለው። አንዱ የወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ተማሪ የነበረ ሁሉ እስከ ዛሬ ራሱን የስሂን ልጅ እንደሚል ጨመረበት፤ በእናት ስም የሚጠራ ብቸኛው የደሴ ቤተሰብ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ወዲያው ደግሞ ላኮመልዛ የሚለው የወሎ የጥንት ስም ተነስቶ ድምፅ ከፍ ሊል ሲጀምር አወያዩ ለዚያ ሌላ ክር ከፈተ። መልካም አደረገ።

20ኛው ቁጡ ወጣት ነው። ሰባት ቤት መቁጠር ያለፈበት እንደሆነ፣ የቤተሰብ ሕጉ ከሥጋ ዝምድና የሚከለክለው የቅርቡን ብቻ እንደሆነ፣ የሁለት ወጣቶችን ፍቅር በሽማግሌ ትዝታ ማሰር ግፍ እንደሆነ ጻፈ። ሕጉን በተመለከተ የተናገረው ልክ ነው። ግን ግፍ የሚለውን ቃል አልቀበለውም። የወንድሜ ልጅ ጋብቻዋን በተክሊል መፈጸም የምትፈልግ ናት፤ ቆጠራውንም ቀድማ የጠየቀች እሷ ናት። ማንም አላሰራትም።

21ኛው መልስ ሲገባ እጄ ተንቀጠቀጠ። የጻፉት የልጁ አጎት ናቸው። ስማቸውን አልጻፉም፤ በነገሩ ውስጥ ካለው ዝርዝር ግን ወዲያው አወቅኋቸው። ክሩን ቤተሰባቸው ተሰብስቦ ሲያነብ ነበር የከረመው። ቅር እንዳላላቸው፣ 10ኛው መልስ ግን እንዳሳዘናቸው፣ የ11ኛዋንና የ12ኛውን መልስ ሲያነቡ ደግሞ ልባቸው እንደተመለሰ ገለጹ። ከዚያ የአባታቸውን ታሪክ ነገሩን። የልጁ አያት የተወለዱት ደሴ ነው፤ እናታቸው ያወጡላቸው ስምም ደሴ አልነበረም። በጣሊያን ጊዜ የአሳብ መንገድ ሲሠራ በጉልበት ሥራ ተቀጠሩ። በሥራው ላይ ከየአገሩ የመጣ ሰው ነበርና ሁሉም በመጣበት ቦታ ይጠራ ነበር፤ እሳቸውም ደሴ ተባሉ። ሥራው ሲያልቅ ወደ ተወለዱበት ሳይመለሱ ኮምቦልቻ ቀሩ፣ እዚያው አገቡ፣ ቅጽል ስሙም ከእሳቸው ጋር ቀረ። ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሲገቡ በመዝገቡ ላይ የሰፈረው ይኸው ስም ነው።

የሾፌሩ ነገር እዚህ ላይ ተፈጸመ። በከተማው ስም የተጠራው ሰው ከተማውን የተወው ነው፤ በከተማው የኖረው አባቴ ስሙን ከእናቱ ነው ያገኘው። ሁለት ሰዎች፣ ሁለት ፊደል፣ አንድ ንባብ፤ ግን አንድ ስም አይደለም። ይህን ለእህቴ ደውዬ ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያ እልል አለች።

ጉዳዩ እዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። 22ኛው መልስ ግን የመጣው ከቦሩ ሜዳ፣ አንዲት ልጅ ለአያቷ ስትጽፍላቸው ነው። እማማ ክሩን ከልጅ ልጃቸው ስልክ ላይ ሲነበብላቸው ሰምተው በጣም ተናደዱ። ሃያ አንድ ሰው ተሰብስቦ ስለ አባት ስም ብቻ ማውራቱ ገርሟቸዋል። ሰባት ቤት ሲቆጠር የአባትም የእናትም ይቆጠራል፤ አባት ከእናት ይወለዳል፤ የአባት እናት፣ የእናት እናት፣ የአያት እናት ሁሉ ቤት አላቸው። ሥጋ በወረቀት ላይ ከተጻፈው ስም ይልቅ ባልተጻፈው በኩል ሊገናኝ ይችላል፤ እናቶች በማንም መታወቂያ ላይ የሉምና። ደሴ ከደሴ ገጠመ ብላችሁ ስትደነግጡ የሁለቱን ልጆች ሴት አያቶች ስም የጠየቀ አለ? ብለው ጠየቁን። የለም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ሕግ አዋቂው አልጠየቀም፣ ታሪክ አዋቂው አልጠየቀም፣ ስለ ዋሽንግተን መንደር ያወቅነውን ያህል ስለ እናቶቻችን መንደር ያነሳ አልነበረም።

በ23ኛው መልስ የኮምቦልቻዋ መምህርት ተመልሳ መጣች፤ ከምን እንደደረስን ለማወቅ። ለእሷም ለሁላችሁም መልሴ ይህ ነው።

ማክሰኞ ዕለት እኔና ወንድሜ ወደ ኮምቦልቻ ወርደን ከልጁ አጎት ጋር ደብተር ይዘን ተቀመጥን። በአባት በኩል በሁለቱም ወገን ያለ ችግር ሰባት ደረስን፤ የሚገናኝ የለም። ከዚያ ለእናቶች ሌላ ገጽ ከፈትን። የእኛ ገጽ ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመ። የአባቴን እናት ስም አውቃለሁ፣ የእናቷንም፤ ከዚያ በላይ የማውቀው ይህች የአባቴ አያት ከየት እንደመጣች ብቻ ነው። ከወረባቦ ነው የመጣችው። የልጁ አጎት ይህን ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ። የእሳቸውም ሴት አያት የወረባቦ ሴት ናቸው፤ ለጋብቻ ወደ ደሴ የመጡት በበቅሎ እንደሆነ ይተረካል። ሁለታችንም ስማቸውን እንጂ የአባታቸውን ቤት አናውቅም።

በዚህ ምክንያት ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቢስቲማ እንሄዳለን፤ እኔ፣ ወንድሜ፣ የልጁ አጎት፣ የቦሩ ሜዳዋ እማማም ካልመጣሁ ብለዋል። የ7ኛዋ ጸሐፊ እናቷ ቤት እንድናርፍ ጋብዛናለች። ከወረባቦ ወደ ደሴ በጋብቻ ስለሄዱ ሴቶች የሚያስታውስ ሽማግሌ ወይም አሮጊት የምታውቁ ካላችሁ እስከ ዓርብ ማታ በዚህ ክር ላይ ጻፉልኝ። የአባቴ አያት ስሟ ዘሀራ ነው። ደሴ ስትደርስ ስሟን የለወጠች ይመስለኛል፤ የፊተኛውን የሚያውቅ ካለ ከምንም በላይ የምፈልገው እሱን ነው።